ሲስተሙን ስቀሉት!

የአርሲዋ ጢቾ ብርድ ነው። በዚያ ብርድ ከገጠር ቀበሌ ሌሊት ተነስቶ፣ ፈረሱን ከበር ላይ አስሮ፣ የመሥሪያ ቤቱ መስኮት ጋ የደረሰ ባለጉዳይ የሚሰጠው መልስ ሁለት ቃል ብቻ ነው፦ «ሲስተም የለም።» የት ሄደ? መቼ ሄደ? ይመለሳል ወይስ ድንኳን እንትከል? ይህን የሚናገር የለም። ሰው እንኳ ሲሞት ቀኑ ይነገራል፤ ሲስተም ግን መቼ እንደሞተ ሳይታወቅ ለቅሶ ተቀምጠንለት እንውላለን።

ስለዚህ የዚህ ዓምድ ፍርድ አጭር ነው፤ ሲስተሙ ይሰቀል! ግድግዳ ላይ፣ በሰፊ ቴሌቪዥን። ሰርቨሩ፣ መስመሩና ዳታቤዙ ሲሠሩ አረንጓዴ፣ ሲያቃስቱ ቢጫ፣ ሲወድቁ ቀይ። ትልልቅ ዳታ ሴንተሮች እንዲህ ያለ ሰሌዳ ሰቅለው ቀንና ሌሊት ያፈጡበታል። ሐሳቡን ጢቾ ብናወርደው የአይቲ ባለሙያውና ባለጉዳዩ እንዴት ይመላለሱ ነበር? እስቲ ወረፋው ላይ ቆመን እንስማቸው።

ባለሙያ፦ ጋሼ፣ ከዛሬ ጀምሮ የሰርቨሩን ጤንነት በስክሪን ያያሉ።

ባለጉዳይ፦ ልጄ፣ ጤንነቱ ምን ያደርግልኛል? ጤነኛ ሆኖ የማይሠራ እኔም ቤት አለ።

ባለሙያ፦ ወጪው ትንሽ ነው። ራስበሪ ፓይ የምትባል መዳፍ የምታክል ኮምፒውተር ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ትለጠፋለች።

ባለጉዳይ፦ ጥሩ ነው፤ ቢያንስ አንድ ሠራተኛ ወንበሩን ለቆ አይወጣም።

ባለሙያ፦ ሶፍትዌሩም በነፃ ነው። ናጊዮስ አለ፣ ዛቢክስ አለ፣ ፕሮሚቲየስ አለ፤ ሥዕሉን አሳምሮ የሚያወጣው ደግሞ ግራፋና ነው።

ባለጉዳይ፦ ተመልካቹ አራት፣ ሠራተኛው አንድ፤ እሱም ታሞ ተኝቷል!

ባለሙያ፦ በየ30 ሴኮንዱ ሰርቨሩን «አለህ ወይ?» እያለ ይጠይቀዋል። ካልመለሰ ይቀላል።

ባለጉዳይ፦ «አለሁ» ማለትማ ምን ይከብዳል? ኃላፊያችሁም ስልክ ስደውል «አለሁ፣ አለሁ» ይለኛል፤ ቢሮው ግን ቁልፍ ነው።

እዚህ ላይ ጋሼ የሙያውን ትልቅ ሕግ ሳይማሩት ተናግረውታል። ፒንግ የሚባለው ጥያቄ የሚያረጋግጠው ማሽኑ መብራቱ እንዳልጠፋና መስመሩ እንዳልተቆረጠ ብቻ ነው። ዲስኩ ጢም ብሎ ሞልቶ፣ ዳታቤዙ ተቆልፎ፣ አንድም ደረሰኝ አልወጣ ብሎ ሳለ ማሽኑ «አለሁ» ይላል፤ ሰሌዳውም ያምነዋል። መጠየቅ ያለበት ሥራው ነው፦ ገጹ ይከፈታል? የሙከራ ክፍያ ያልፋል? በስንት ሴኮንድ?

ባለሙያ፦ ለበላይ አካል 99 በመቶ እንሠራለን ብለን ሪፖርት አድርገናል።

ባለጉዳይ፦ የቀረችው 1 በመቶ እኮ በዓመት ሲቆጠር ከ3 ቀን ተኩል በላይ ናት። እኔ የምለው፣ ሁሌ እኔ በመጣሁ ቀን የምትመጣው ቀጠሮ ይዛችሁልኝ ነው?

ባለሙያ፦ አንድ ችግር አለ። ቴሌቪዥኑ ከ10 ደቂቃ በኋላ እንቅልፍ ይወስደዋል።

ባለጉዳይ፦ ገና ከመቀጠሩ መሥሪያ ቤቱን ለመደ ማለት ነው!

ይህስ ቀላል ነው፤ የእንቅልፉን ማስተካከያ መዝጋት ይበቃል። ክፉው ስታክ ማድረጉ ነው። ስክሪኑ ስታክ ሲያደርግ መጨረሻ ላይ ያሳየው ቀለም ተገትሮ ይቀራል። ያ ቀለም አረንጓዴ ከነበረ፣ ሰርቨሩ ከሞተ በኋላም አረንጓዴ ነው። መድኃኒቱ ከጥግ ሴኮንድ የሚቆጥር ሰዓትና «መረጃው የመጣው በዚህ ሰዓት ነው» የሚል መስመር ማስቀመጥ ነው፤ ሰዓቱ ከቆመ ማንም ሰሌዳውን አይመን። ተቆጣጣሪው ሶፍትዌርም በሚቆጣጠረው ሰርቨር ላይ አይጫን። ሰርቨሩ ሲወድቅ አብሮ ወድቆ ማን ይመስክር?

ባለሙያ፦ መብራት ሲሄድስ?

ባለጉዳይ፦ ያኔማ ስክሪኑ ጥቁር ይሆናል። አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ አልከኝ እንጂ ብዙ ጊዜ የምናየውን አራተኛውን ቀለም ረሳኸው!

ሰሌዳውም፣ ትንሿ ኮምፒውተርም፣ ኔትወርኩን የሚያድለው ሳጥንም ዩፒኤስ ላይ ይሰኩ። ቀይና አረንጓዴ የማይለይ ዓይን ስላለም ከቀለሙ ጎን «ይሠራል»፣ «ቆሟል» ተብሎ ይጻፍ፤ በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም። አርሲ ነንና።

ባለሙያ፦ ድሮ እኮ ይሄም አልነበረም፤ ሁሉም በመዝገብ ነበር።

ባለጉዳይ፦ ጢቾ ከጭላሎና ከአርባ ጉጉ ጋር አውራጃ በነበረች ጊዜ ነዋ! መዝገቡን አይጥ ይበላው ነበር። ግን አይጥ የበላውን ገጽ ገልጠው ያሳዩን ነበር።

ባለሙያ፦ ጋሼ፣ ቀይ ሆኖ ሕዝብ ሲያየው ግን ገጽታ ያበላሻል። ኃላፊው ወደ ውስጥ ወደ ቢሮዬ አዙሩት ብሏል።

ይህን ጊዜ ከወረፋው አንዲት እትዬ ጣልቃ ገቡ።

እትዬ፦ የእናንተ ሲስተም ከአርሲ ልጆች ይበልጣል? የአሰላው ኃይሌ፣ የበቆጂዎቹ ደራርቱ፣ ቀነኒሳና ጥሩነሽ ሰዓታቸው በዓለም ፊት ተሰቅሎ አይደል የሮጡት? ኃላፊህ እንዳይታይ የሚፈልገው ስላልሮጠ ነው!

ባለሙያው ዝም አለ። እኛ ግን ዝም አንልም። ግድግዳ ላይ መለጠፍ ለአገራችን አዲስ አይደለም። መጋቢት 6 ለ7 አጥቢያ 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ተቃወሰ፤ ሰው ሒሳቡ ላይ የሌለውን ገንዘብ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻለ፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ኤቲኤም ላይ በሌሊት ተሰለፉ። ባንኩ የሳይበር ጥቃት አይደለም አለ፤ የወጣው ገንዘብ ግን ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ ሆኖ ተገኘ፤ አብዛኛውንም አስመለሰ። «ማሽኑ አለ ወይ?» ብቻ የሚል ሰሌዳ ያን ሌሊት ምን ያሳይ ነበር? ለምለም አረንጓዴ! ኤቲኤሙ ይሠራል፤ እንዲያውም ከሚገባው በላይ ይሠራል። ሰሌዳ ልክ ያለፈ ሥራንም መቁጠር አለበት የሚባለው ለዚህ ነው።

ከዚያስ? ገንዘቡን ያልመለሱ ሰዎች ስምና ፎቶ ለሕዝብ ይፋ ሆነ። መልካም፤ የሕዝብ ገንዘብ ነው፣ ይመለስ። ጥያቄያችን አንድ ነው፦ የደንበኛ ጥፋት ከነፎቶው የሚለጠፍ ከሆነ፣ በየመሥሪያ ቤቱ የሲስተሙ ጥፋት ለምን በመስኮት ቀዳዳ በሹክሹክታ ይነገራል?

እንግዲህ የአይቲ ባለሙያዎች ሆይ፣ ስትሰቅሉት ፊቱን ወደ ወረፋው አዙሩት። አምስት ነገር ይጻፍበት፦ የትኛው አገልግሎት፣ ይሠራል ወይስ ቆሟል፣ ከስንት ሰዓት ጀምሮ፣ ማን እየጠገነው ነው፣ ቀጣዩ ወሬ በስንት ሰዓት ይነገራል። ባለጉዳይ እውነተኛ ቀይ ካየ ፈረሱን ፈትቶ ገበያውን ውሎ ይመጣል። ሰሌዳው አረንጓዴ፣ መስኮቱ ግን «ሲስተም የለም» ካለ ቴሌቪዥኑን በከንቱ አታድክሙት፤ ኳስ ክፈቱበት። ኳስ ቢያንስ ስንት ለስንት እንደተሸነፍን አይደብቅም።