አራዳ ስታሳርፍ

ፒያሳ ለእንግዳ ማረፊያ አጥታ አታውቅም። ጎብኚው የዓድዋ ድል መታሰቢያን አይቶ፣ ጊዮርጊስን ተሳልሞ፣ ቶሞካ ቆሞ ማኪያቶውን ጠጥቶ «የት ልደር?» ቢል ዐሥር ሰው ዐሥር አልጋ ይጠቁመዋል። እቴጌ ሆቴልን የማያውቅ የአራዳ ልጅ የለም፤ በ1898 ዓ.ም. የተሠራ፣ የአገሩ የመጀመሪያ ሆቴል። እኔ ዛሬ የማነሣው ግን በቱሪስት መጽሔት ስሙ የማይወጣ፣ በእንግዳ ብዛት ማንንም የማያስቀናውን ሌላውን ነው። ቦታው ማዕከላዊ ነው። ከጊዮርጊስ በእግር ይደረሳል፤ ቢሆንም በእግሩ ሲመጣ የሚታይ እንግዳ እምብዛም ነው፤ ቤቱ ድረስ መኪና ይላክለታል፣ ያውም በሌሊት። ስምና አድራሻ ሙላ ብሎ የሚያስቸግረው የለም፤ ሲደርስ ስሙ ተጽፎ ይጠብቀዋል። ቀበቶውንና የጫማውን ማሰሪያ ብቻ ያስረክባል፣ ዘና እንዲል።

እቴጌ ሆቴል ሲከፈት ሰው መብላቱን ወዶ መክፈሉን ነውር አለው ይባላል። ለእንግዳ እህል ዋጋ መቀበል የት ይታወቅና! አጼ ምኒልክ ራሳቸው ገብተው፣ በልተው፣ ሒሳብ ከፍለው አሳዩ፤ መኳንንቱም ወደ ኪሳቸው እጃቸውን ሰደዱ። የእኔው ማረፊያ ይህን ጣጣ በብልሃት ፈታው፦ ምግቡን ቤተሰብ ያምጣ።

በሩ ላይ ቆሞ ያየ ያውቀዋል። እናት ባለ እርከን ምሳ ዕቃዋን በነጠላ ጠቅልላ፣ ክዳኑ ላይ የልጇን ስም በፕላስተር ለጥፋ ትሰለፋለች። ዘበኛው እንጀራውን ይገላልጣል፣ ወጡን በእንጨት ይወጋል፤ የእጇን ጣዕም ሳይሆን ወረቀት ፍለጋ ነው። ከዚያ የትናንቱ ዕቃ ይመለስላታል። ባዶ ከሆነ በልቷል ማለት ነው፤ እየሳቀች ትሄዳለች። በ1969 እና በ1970 ከጋዜጣው ይልቅ ምሳ ዕቃው ይታመን ነበር። አንድ ቀን «ከእንግዲህ አታምጪ» ትባላለች፤ ለምን ብሎ መጠየቅ የለም። እቴጌ ሆቴል ለበላ ሒሳብ ያቀርባል፤ በእነዚያ ዓመታት ግን ሒሳቡ ለቤተሰብ የመጣበት ጊዜ ነበር፣ የጥይቱ። ምኒልክ የጀመሩት የመክፈል ባህል ይህን ያህል ሥር ይሰድዳል ብሎ ያሰበ አልነበረም። ያኔ አንድ የፒያሳ አዝማሪ ድፍረቱ ቢኖረው እንዲህ ማለት ይችል ነበር፦

ስንቁን ይዘሽ ግቢ፣ እናቴ አታስቢ፣
ልጅሽ አርፏል አሉ ከማረፊያው ግቢ።

ስለ ክፍሎቹ ላውራ። ለክፍሎቹ ስም ያወጡት እንግዶቹ ናቸው። ጨለማ ቤት አለ፤ እንቅልፍ ለሚወድ ሰው፣ ፀሐይ የማትረብሸው፣ በቀን ሁለቴ ሽንት ቤት ደርሶ ከመመለስ በቀር ሌላ ድካም የሌለበት። ጣውላ ቤት አለ። ቅዝቃዜ ለሚስማማው ሳይቤሪያ አለ። ከሁሉ የተሻለው ደግሞ ሸራተን ነው፤ ግቢ ውስጥ ወጣ ብሎ ፀሐይ መሞቅ የሚፈቀድበት። ከዚያ ማዶ ያለው ሸራተን በ1990 ሲከፈት ለማደር ዶላር ይጠይቅ ነበር፤ የእኛው ሸራተን ለመግባት ምንም አይጠይቅም፣ ለመውጣት ነው የሚጠይቀው።

የጤና አገልግሎቱም አይረሳ። ምርመራ በነጻ ነው፣ ካርድ አይወጣም፣ ወረፋው ሌሊትም ይሠራል። ሌላ ቦታ ሐኪሙ በሽታውን ለማወቅ ይለፋል፤ እዚህ መርማሪው በሽታውን አስቀድሞ ያውቀዋል፤ የሚቀረው በሽተኛው እንዲያምን ነው። እስኪያምን ይታከማል። በተለይ ለውስጥ እግር የተመሰከረለት ወፌ ላላ የሚባል የአገር መድኃኒት አላቸው። ንጉሥ ሄዶ ወታደር ቢመጣ፣ ወታደር ሄዶ ታጋይ ቢመጣ፣ መድኃኒቱ ሳይቋረጥ ከአባት ወደ ልጅ ወርዷል። ቅርስ ጥበቃ ምነው ዝም አለ?

ሕግ የላቸውም የሚል ቢኖር ሐሰት ነው። ታኅሣሥ 1 ቀን 1941 ዓ.ም. ፓሪስ ላይ የተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ ሁሉ አቀፍ የሰብአዊ መብቶች መግለጫን ሲያጸድቅ 48 አገሮች ደገፉ፣ 8 ድምፃቸውን አቀቡ። ሶቪየት ኅብረትና ደቡብ አፍሪካ ያመነቱበትን እኛ ሳናመነታ ከ48ቱ ጋር ቆምን። አምስተኛው አንቀጽ ማንም ሰው እንዳይሠቃይ ይከለክላል፤ ውስጥ እግርን ግን በስም አላነሣም። ከዚያ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት መጣ፤ አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ፣ እንዲያምንም አይገደድ አለ። 48 የምትባል ቁጥር እንወዳለን። ሆኖም ለእንግዳ 48 ሰዓት አጭር ሆኖ ስለተገኘ አዋጅ ቁጥር 652/2001 በ28 ቀን በ28 ቀን እያራዘመ እስከ አራት ወር አደረሰለት። እንግዳን ቶሎ ማሰናበት በእኛ አገር ደግ አይደለም።

በሚያዝያ 2006 የገቡት የዞን ዘጠኝ ጦማሪዎችና ጋዜጠኞች፣ ዘጠኝ ሆነው፣ ሦስት ወር ገደማ የተስተናገዱት በዚህ ደግነት ነው። ስማቸውንም ከመስተንግዶው ዘርፍ ነው ያገኙት፤ ቃሊቲ ያለው እኅት ድርጅት ስምንት ዞን አለው፣ ዘጠነኛው ደጅ ያለነው ሁላችን የምንኖርበት ነው ብለው።

ከምርመራ በኋላ እንግዳው ቃሉን ይሰጣል። ቃሉ ተጽፎ ይጠብቀዋል፤ ከእርሱ የሚፈለገው ፊርማ ነው። ቃል አልሰጥም ብሎ ያስቸገረ ሰው በአራዳ ቢፈለግ አቡነ ጴጥሮስ ናቸው። ጣሊያን አርበኞችን ያውግዙ አላቸው፣ እምቢ አሉ፣ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በጥይት ተደበደቡ። ሐውልታቸው በ2005 ለባቡር መስመር ሲባል ተነሥቶ ተወሰደ፤ በ2008 ተመለሰ። ከአራዳ «ለጥቂት ጊዜ ትፈለጋለህ» ተብሎ ተወስዶ አካሉ ሳይጎድል ለመመለሱ እማኝ ከተፈለገ ይኸው፣ ሐውልት ሆኖ ነው እንጂ።

ማረፊያው ባለቤት ሲለዋወጥ ኖሯል። እያንዳንዱ አዲስ ባለቤት የቀድሞውን ሲያማ እንሰማለን፤ ቁልፉን ሲቀይር ግን አላየንም። ታኅሣሥ 25 ቀን 2010 ዓ.ም. የጊዜው ጠቅላይ ሚኒስትር ቤቱ ተዘግቶ ሙዚየም ይሆናል አሉ፤ በደርግ ዘመን ሰው የተሠቃየበት ነውና። ከ1983 ወዲህ ስለነበረው የሃያ ሰባት ዓመት መስተንግዶ ትሕትና ይዟቸው ይሆናል ያላነሱት። በመጋቢት በሩ ተዘጋ፣ እንግዶቹ ወደ ሌላ ስፍራ ተዛወሩ። በጳጉሜን 2011 ለሕዝብ ሲከፈት፣ ለመውጣት ይለመንበት የነበረውን ቤት ለመግባት ተጋፋንበት። ለነገሩ ማረፊያን ለሌላ አገልግሎት ማዋል እናውቅበታለን። ከርቸሌም ፈርሶ የአፍሪካ ኅብረት አዳራሽ ተሠርቶበታል፤ የአህጉሩ መሪዎች ስለ ሰብአዊ መብት የሚያጨበጭቡት እዚያ ነው።

አንድ ነገር ብቻ አይገባኝም። ሆቴል ሲዘጋ አስተናጋጁም ወጥ ቤቱም ሥራ ፈላጊ ይሆናል። ከዚህ ቤት ሠራተኞች ጥቂቶቹ በኅዳር 2011 ራሳቸው እንግዳ ሆነው መግባታቸውን ሰምተናል። የቀሩትን ግን አራት ኪሎ የሥራ ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር፣ አንገታቸውን አስግገው «የሥራ ልምድ» የሚለውን መስመር ሲያነብቡ እስከ ዛሬ አላየሁም።