መሸኛ ደብዳቤ

ሻሸመኔ መናኸሪያ ለቆመ ሰው መንገድ አይቸግረውም። ወደ ሐዋሳ፣ ወደ ሀላባና ሶዶ፣ ወደ ኮፈሌና ዶዶላ፣ ወደ አርሲ ነገሌና አዲስ አበባ፤ ረዳቱ ሁሉ እየጮኸ ይጠራዋል። አንዱ መኪና ቶሎ ካልሞላ ወርዶ ሌላው ላይ መሳፈር ነው። ለመንገደኛ ደግ ጠባይ ነው። እሑድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ድረስ ሲከተለን ግን ያስቃል።

አንድ ወዳጅ አለኝ። አሥራቱን የሚያወጣ፣ ለቅሶ የሚደርስ፣ ከሰው ጋር ተግባቢ ነው። አጥቢያ ግን አይበረክትለትም። የመጀመሪያውን የተወው «ቃሉ አላጠገበኝም» ብሎ ነው። ሁለተኛው ጋ ስብከቱ በዛበት፣ አምልኮው ደረቀበት። ሦስተኛው ጋ አምልኮው ሞቀ፤ ሞንታርቦው ግን ጆሮውን ሊወስደው ደረሰ። ከአራተኛው የወጣው «ሰላም ነሳኝ» ብሎ ነው። ይቺን የመሰለች ምክንያት የለችም። ከመጋቢው ጋር ተጣላሁ ቢል ሽማግሌ ይላክበታል። ሰላም ላጣ ሰው ግን የሚሰጠው መሸኛ ደብዳቤ ነው።

መሸኛዎቹን አሳይቶኛል፤ በፌስታል አድርጎ ያስቀምጣቸዋል። ሁሉም «በመካከላችን በነበሩበት ጊዜ መልካም ምስክርነት ነበራቸው» ይላሉ፤ ማኅተምና ፊርማም አላቸው። እሱ ከሄደ ወዲህ የሽማግሌዎች ስብሰባ በሰዓቱ ማለቅ መጀመሩን አንዱም አይጠቅስም።

እርግጥ ነው፣ የሚያስሸሽ ነገር የለም አይባልም። የረቡዕ ማታውን የቤት ሕብረት እንይ። ቆሎው ዞሯል፣ ቡናው ሁለተኛው ላይ ነው። አንዲት እናት ነጠላቸውን ያስተካክሉና «የጸሎት ርዕስ አለኝ፤ ስም አልጠራም» ይላሉ። ከአቦስቶ ሰፈር የሚመጣ፣ ሁለተኛው ረድፍ ጥግ ላይ የሚቀመጥ፣ ሚስቱ መዘምራን ውስጥ ያለች፣ በቅርቡ ባጃጁን የሸጠ አንድ ወንድም አለ። «ለምን እንደሸጠው ጌታ ያውቃል» ይላሉ። ቀጥሎ ጌታ የሚያውቀውን ለእኛም ይነግሩናል። ዓይናችንን ጨፍነን ከልብ እንጸልያለን፤ ይህን መካድ አይቻልም። እሑድ ታዲያ በር ላይ ያለው አስተናጋጅ የሰውዬውን እጅ ይዞ አይለቅም። «እንዴት ነህ ወንድሜ? እውነት ደህና ነህ?» ይለዋል። ሰውዬው ፊቱን በመዳፉ ይዳብሳል፤ ምን ታይቶበት እንደሆነ ሊገባው አልቻለም።

ወዳጄን ይህን ሁሉ ተሸከም አልለውም። የሚገርመኝ የሚፈልገው ነገር ነው። አፉን በከፈተ ቁጥር «የሐዋርያት ዘመን ቤተ ክርስቲያን» ይላል። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6ን ግን አንብቧል? ኢየሩሳሌም ውስጥ ጠብ የተነሳው በምግብ እደላና በቋንቋ ነበር። ግሪክኛ ተናጋሪዎቹ መበለቶቻችን ተዘነጉ ብለው አጉረመረሙ። ሐዋርያት ሰባት ሰዎች አስመርጠው እደላውን ሰጧቸው፤ የሰባቱም ስም የግሪክ ነው። ጉባኤው ማደሉን ላጉረመረሙት ወገን ሳያስረክብ አልቀረም። የእኛ ከተማ ምእመን ይህ አዲስ አይሆንበትም። የአማርኛው ፕሮግራም ሰዓቱን ሲያልፍ የአፋን ኦሮሞው ጉባኤ በር ላይ ይቆማል። ወላይትኛና ከምባትኛ የሚዘምሩት ደግሞ የማን ሰዓት እንደሚነካ ይጠብቃሉ።

ቆሮንቶስስ? እሷም እንደኛዋ የንግድ መተላለፊያ ነበረች፤ ሁለት ወደብ ነበራት። ምእመኑ በሰባኪ ስም ተቧደነ፣ በአሕዛብ ዳኛ ፊት ተካሰሰ። በጌታ እራት ላይ አንዱ ተርቦ ሲቀመጥ ሌላው ይሰክር ነበር። ጳውሎስ እዚያ ዓመት ከስድስት ወር ተቀምጦ አስተምሯል፤ እንዲያም ሆኖ አልሸኛቸውም። ረጃጅም ደብዳቤ ጻፈላቸው። በሁለተኛው ላይ እንዲያውም የድጋፍ ደብዳቤ አያስፈልገኝም፣ ደብዳቤዬ እናንተው ናችሁ ይላቸዋል። እነዚያን ጉዶች!

የከተማችን ጃማይካ ሰፈርም የዚሁ ወግ ዘመድ ነው። በጣሊያን ወረራ ጊዜ ለደገፉን የባሕር ማዶ ጥቁሮች ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በ1940 ዓ.ም. ገደማ መሬት ሰጡ። ራስተፈሪያውያኑ የተስፋይቱ ምድር ብለው ውቅያኖስ ተሻግረው መጡ። ከመጡ በኋላ ግን የናያቢንጊ ወገን በአንድ ግቢ፣ የአሥራ ሁለቱ ነገዶች ወገን በሌላ ግቢ ይሰበሰባሉ።

«በስደቱ ዘመን ግን ፍቅር ነበር» የሚሉም አሉ። በደርግ ጊዜ ሙሉ ወንጌል ቤተ ክርስቲያን ተዘግታ በየቤቱ ተደብቀው ከተሰበሰቡት እናቶች አንዷን ጠይቄያለሁ። ሳቁብኝ። ያኔም አንዲት እህት ቀስ ብሎ መዘመር አልሆን እያላት ሁሉም ይቆጣት ነበር። ቀስ በይ ሲሏት አኮረፈች። በሚቀጥለው ሳምንት መጣች፤ ሌላ የምትሄድበት ቤት አልነበራትም።

ኦርቶዶክሷ ጎረቤቴ ደግሞ ሰንበቴያቸውን ሲያሙ ይመሻል። የማን ጠላ እንደቀጠነ፣ ሰበካ ጉባኤው የሰበሰበውን ገንዘብ ምን እንዳደረገው ሁሉ ያውቃሉ። ታዲያ ለምን አይተዉትም ስላቸው «ደብሬን ለማን ትቼ?» ብለው ተቆጡኝ። በ2015 ዓ.ም. ጥር ወር በሲኖዶሱ መከፋፈል ሰበብ ሻሸመኔ ቅዱስ ሚካኤል ደም ሲፈስ ጥቁር ለብሰው ሲያለቅሱ አይቻቸዋለሁ። እዚያ ላይ ቀልድ አይገባም። ከዚያም በኋላ ሰንበቴያቸውን አልተዉም፤ ሐሜቱንም ጭምር።

ወዳጄ ሰሞኑን መፍትሔ አግኝቻለሁ ብሎ ጠራኝ። ሳሎኑን አጽድቶ የራሱን ሕብረት ጀምሯል፤ እሱ፣ ሚስቱና የሚስቱ ወንድም። ጥቂት ነን ግን ንጹሕ ነን አለኝ። ማኅተምም አስቀርጿል። የማኅተሟ ቀለም ገና ሳይደርቅ የመጀመሪያዋን መሸኛ ሚስቱ ጠየቀች፤ ቃሉ አላጠገባትም።