ዓሣ ነባሪና ሰዓት ነባሪ

እናንተ ዕድሜ የተጫናችሁ፣ ከወንበር ስትነሱ «ያ አላህ» ብላችሁ ጉልበታችሁን የምትደግፉ የዘመኔ ሰዎች፣ እስቲ ቀረብ በሉና አብረን እንማረር። ወጣቶቹን ተዋቸው፤ ያችን ነጭ ባቄላ ጆሯቸው ውስጥ ሰክተዋል፣ አይሰሙም።

ባለፈው ጁምዓ የልጅ ልጄ ስልኬን ተቀብሎ ሲጎረጉር ቆየና፣ «አባባ፣ የስልክዎ ነባሪ የሰዓት ሰቅ ሪያድ ነው» አለኝ። ነባሪ! በሰማንያ ዓመቴ እኔ የማውቀው ነባሪ ዓሣ ነባሪን ነው፤ እሱንም በስም። ሰቅ የሚሉትንስ ከየት አመጡት? «ነባሪ ሳይጠየቁ የሚወሰድ፣ የሰዓት ሰቅ ደግሞ በአንድ ሰዓት የሚሄድ አካባቢ ማለት ነው» ብሎ ያብራራልኛል። አንድ ፕሮግራም ገና ሲከፈት «የት አገር ነው ያለነው?» ብሎ ኮምፒውተሩን ይጠይቃል፤ ኮምፒውተሩ ይመልሳል። እኔ እዚያው ተቀምጫለሁ፣ ያለሁበትን አውቃለሁ፣ የሚጠይቀኝ ግን የለም። ድሮ አገርህ የት ነው የሚባለው ሰው ነበር። ቀጥሎ የማን ልጅ ነህ ይባላል፣ ቀጥሎ ቡና ይቀርባል። ዛሬ ዕቃ ዕቃን ጠይቆ ጨረሰ።

መልሱ ልክ ቢሆን እንኳ ባልከፋኝ። እኔ ሪያድን ረግጬ አላውቅም! ስድሳ ዓመት የኖርኩት ጅዳ፣ ባብ ሸሪፍ ጨርቅ እየሸጥኩ ያረጀሁ ሰው ነኝ። አዲስ አበባ የወንድሜ ልጅ ዘንድ ስሄድ ደግሞ ኮምፒውተሩ ላይ «ናይሮቢ» የሚል አነበብኩ። እንግዲህ በአንድ ዓመት ውስጥ ሳልሄድባቸው ሁለት ከተማ ኖሬያለሁ ማለት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው አሉ። የዓለም ሰዓት ሁሉ የሚጻፍበት አንድ መዝገብ አለ። አርተር ዴቪድ ኦልሰን የሚባል አሜሪካዊ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1980ዎቹ ጀመረው፤ አሁን የሚያስተባብረው ፖል ኤገርት ነው፤ ብዙው ስልክና ኮምፒውተር የሚቀዳው ከዚሁ መዝገብ ነው። ከ1970 ወዲህ ሰዓታቸው ሳይለያይ የኖሩትን ቦታዎች በአንድ ከተማ ስም ያጠቃልላቸዋል። ኩዌትና ኤደን ሪያድ ላይ ተለጥፈዋል። አዲስ አበባ የሚል ስም አለ፣ ሲገልጡት ግን ወደ ናይሮቢ የሚጠቁም ጣት ብቻ ነው። የአፍሪካ መሪዎች የሚሰበሰቡባት ከተማ ሰዓቷን ከጎረቤት ትበደር!

አንድ ነገር ግን ደስ ሊለኝ ነበር። ኢትዮጵያውያን ሰዓት የሚቆጥሩት ከንጋት ጀምሮ ስለሆነ በአማርኛ ሰዓት ስትጠይቁ ይህን አስቡ የሚል ማስታወሻ መዝገቡ ውስጥ አለ አለኝ የልጅ ልጄ። እሰይ ብዬ ልመርቅ እጄን ስዘረጋ፣ «ግን አባባ፣ ያ መስመር መጀመሪያው ላይ አጥር የመሰለች ምልክት አለችበት፤ ማሽኑ እሷን ሲያይ መስመሩን ዘሎ ያልፋል» አለኝ። እጄን መለስኩ።

አሁን የድሮውን ልንገራችሁ። በ1956 ዓ.ም. ከአባቴ ጋር ከምፅዋ በጀልባ ለሐጅ ስንመጣ አባቴ የኪስ ሰዓት ነበረው፤ ከወሎ ይዞት የወጣ፣ ባለ ሰንሰለት። ጅዳ ወርደን የመጀመሪያው የመግሪብ አዛን ሲሰማ፣ ገበያው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ሰዓቱን አውጥቶ አሥራ ሁለት ላይ አደረገ። አባቴም የራሱን አወጣ። አሥራ ሁለት! መንካት እንኳ አላስፈለገውም። «እነዚህማ ዘመዶቻችን ናቸው» አለ። በእርግጥ እነሱ በየቀኑ ከጀንበር ጋር ያስተካክላሉ፣ የእኛ ደግሞ እዚያው ይቆማል፤ በሰኔ በሐምሌ ጀንበር ጅዳ ላይ ስትዘገይ አንድ ሰዓት ያህል እንለያይ ነበር። አንድ ሰዓት ደግሞ ምንድን ናት? አቦሉ ሳይወርድ ታልቃለች።

በዚያን ዘመን ቀጠሮ የሚያረፍድ ሰው አልነበረም። የመዲናው መኪና ጥሎን የሄደው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም የሾፌሩ ጥድፊያ ነው። ከባብ መካ ተነስተን መካ የምንደርሰውም ግማሽ ቀን እያወጋን ነበር። እንደ ፈረንጅ ከ2018 ወዲህ ግን የመካው ባቡር በሰዓት ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ይምዘገዘጋል፤ የጎንህን ሰው ስም ሳትጠይቅ ደረስህ። ሰገራ ቤቱ ንጹሕ ነው፣ አልክድም። ወንበሩም ለወገቤ ተስማምቶኛል። በወር ሁለቴ እሄድበታለሁ እንጂ አልወደውም።

ምን እያልኩ ነበር? አዎ፣ ሰዓት። የልጅ ልጄ ያነበበልኝ እኔ የማስታውሰውን ነው። በ1961 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር አንድ የኒው ዮርክ ታይምስ ጸሐፊ፣ ጅዳ ውስጥ በመደበኛው ሰዓት የሚሄዱት አየር መንገዶች ብቻ ናቸው፣ ሕዝቡ የሚሄደው በጀንበር ነው ብሎ ጽፏል። የነዳጁ ኩባንያ አራምኮ የራሱ ሰዓት ነበረው፤ የአሜሪካ ወታደር አማካሪዎች ደግሞ በግሪንዊች ይሄዱ ነበር። አንድ ሂጊንስ የሚባል የመብራት ኃይል ጣቢያ ኃላፊ ነበር ይባላል፤ ይህ ሁሉ ሰዓት ሲያሰለቸው ሠራተኛውን ሰብስቦ ከእንግዲህ ጣቢያው የሚሄደው በሂጊንስ ሰዓት ነው ብሎ አወጀ አሉ። ስሙኝማ! አንድ ሰው ብድግ ብሎ ቤቱን በራሱ ሰዓት ያስተዳድራል? ጥጋብ ነው።

በዚያው አሥርት መጨረሻ ገደማ መደበኛው ሰዓት ገባ፤ ከጅዳ ጋር በስድስት ሰዓት ተለያየን። ጀንበሯ ግን አልተለየችንም። ጅዳ አናት ላይ በዋለች በሁለት ደቂቃ ገደማ አዲስ አበባ አናት ላይ ናት። ማሽኑም ሁለታችንም ስንጠይቀው ከግሪንዊች ሦስት ሰዓት ቀደም ብላችኋል ብሎ አንድ መልስ ይሰጣል። የት እንዳለሁ አወቀ፤ ከየት ጀምሬ እንደምቆጥር ግን ከየት ያውቀዋል? እሱን የሚነግረው ዕቃ የለም፤ እሱን የማውቀው እኔ ነኝ።

የመዝገቡ ሰዎች ጀንበርን ሊያሳድዷትም ሞክረው ነበር አሉ። እንደ ፈረንጅ ለ1987፣ ለ1988ና ለ1989 የሪያድን የጀንበር ሰዓት ቀን በቀን፣ በአምስት አምስት ሰከንድ እያስጠጉ መዝገቡ ውስጥ አስገቡት። በ2013 ሰረዙት። በአምስት ሰከንድ! እኛ ጥላችንን በእግራችን ለክተን ቀትር ሆኗል ስንል ማን ተከራከረን?

መካ ላይ ደግሞ ያን የሰዓት ግንብ ተመልከቱት። ከፍታው 601 ሜትር፣ የሰዓቱ ፊት ስፋት 43 ሜትር። እንደ ፈረንጅ በ2010 በረመዳን መሥራት ሲጀምር የግሪንዊችን ቦታ ይወስዳል ያሉ ነበሩ። ያ ሁሉ ድንጋይ ተቆልሎ ዛሬም የሚያሳየው ግሪንዊች ላይ ሦስት ደምሮ ነው። ሦስት ለመደመር ጣት ይበቃል።

ረመዳን ካልሁ አይቀር የደረሰብኝን ስሙ። የልጅ ልጄ ለቤተሰቡ ሁሉ የሱሁር መቀስቀሻ ፕሮግራም ሠራ። ራሱ ኮምፒውተር ላይ ሲሞክረው ደቂቃ አይስትም። ከዚያ ውጭ አገር ያለ፣ በኪራይ የሚሠሩበት ማሽን ላይ ጫነው። በመጀመሪያው ሌሊት፣ አሥር ሰዓት ከሩብ ላይ መጮህ የሚገባው ስልክ በሰባት ሰዓት ከሩብ ጮኸ። እኔ ኮከብ አይቼ ሌሊቱ ምን ያህል እንደቀረው የማውቅ ሰው ነኝ፤ በመስኮት አየሁ፣ ገና ነው አልኩ፤ ግን ስልኩ ጮኋል፣ ስልክ ይዋሻል? ባለቤቴን ቀሰቀስኩ፣ ጎረቤት አንኳኳሁ፣ ገንፎ ተገነፋ። በልተን ሱብሂን ብንጠብቅ ብንጠብቅ ሱብሂ የለም። አዛን ሲባል ሁላችንም ምንጣፉ ላይ ተዘርረን እናንኮራፋ ነበር።

ጥፋቱን ሲነግረኝ እየሳቀ ነው። ፕሮግራሙ «የት አገር ነን?» ብሎ የጠየቀው የእኔን ስልክ ሳይሆን ያን የኪራይ ማሽን ነው። መጀመሪያ የተነገረው ቃል ካለ እሱን ያያል፤ ከሌለ አንዲት የሰዓት ፋይል ይፈልጋል፤ እሷም ከጠፋች ግሪንዊችን ይይዛል። ያ ማሽን ደግሞ ሲከራዩትም ሲኖርም ግሪንዊች ላይ ነው። የሱሁሩን ሰዓት በግሪንዊች ጽፎ ለስልካችን ላከው፤ ሦስት ሰዓት ወደ ኋላ! «ሁልጊዜ አገሩን በስሙ መጻፍ ነበረብኝ፣ ነባሪውን ማመን አልነበረብኝም» አለ። እኔ ከመጀመሪያውም ምን አልኩ?

ሐኪም ቤቱን ልተወው። ብቻ በስልክ «3:00» ብለው ቀጠሮ ላኩልኝ። በጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ተገኘሁ። ዶክተሩ የመጣው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ ስድስት ሰዓት አርፍዶ ይቅርታ እንኳ አላለም! ለተቀመጠው ሰው ሁሉ ነገርኩ፣ አንዳንዱ ሳቀ።

እንግዲህ እኔም ቤቴ ውስጥ ሥርዓት አበጅቻለሁ። የግድግዳውን ሰዓት ማታ ማታ በመግሪብ አሥራ ሁለት ላይ አደርገዋለሁ፣ ቤቱም በዚያው ይሄዳል። ባለቤቴ ታጉረመርማለች፤ ልጆቹ ጠዋት ተመልሰው ይነካኩታል፤ ማታ እኔም እመልሰዋለሁ። ይኸው አሁንም ጀንበር ወደ ባሕሩ ዘንበል ብላለች፤ በርጩማዬን አምጥቻለሁ። አንተ ልጅ! ና እስቲ ስልኩን እይልኝ፣ ዛሬ መግሪብ ስንት ሰዓት ላይ ነው የሚለው?