የመስኮት ደጅ ጥናት

ይድረስ ለካውንስላችን የፕላንና የቅርስ ጥበቃ ክፍል
ሎንዶን

ጉዳዩ፦ ለመከፈትም ለመዘጋትም እምቢ ስላለ የእንጨት መስኮት

ክቡራንና ክቡራት፣

እኔ ብርዱ ካልሆነ በቀር ደኅና ነኝ። ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ ጋቢዬን ተከናንቤ፣ ከመስኮቴ ራቅ ብዬ ነው። መስኮቱ በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን የተሠራ፣ ሁለት ክፈፎቹ በገመድ እየተሳቡ ወደ ላይና ወደ ታች የሚንሸራተቱ፣ ለሰፈሩ ግርማ የሆነ መስኮት ነው። እናንተም ሰፈሩን የቅርስ ጥበቃ ክልል ብላችሁ ስላከበራችሁት እንግዳ ሲያልፍ ቆሞ ፎቶ ያነሳዋል። ነፋሱ ግን ፎቶ ላይ አይወጣም።

ለእናንተ ስለ መስኮት ማውራት ለቀባሪው ማርዳት ነው። ቢሆንም ይህ ግልጽ ደብዳቤ ስለሆነ ለሌላው አንባቢ ስል ላስረዳ። የዚህ መስኮት ምስጢር ያለው ግራና ቀኝ በተደበቁት ሳጥኖች ውስጥ ነው። በየሳጥኑ ረጅም ድቡልቡል ብረት በጥጥ ገመድ ተንጠልጥሏል፤ ገመዱ ላይ ባለው ፑሊ ዞሮ ክፈፉን ይይዛል። የብረቱና የክፈፉ ክብደት ስለሚመጣጠን ሕፃን ልጅ እንኳ በአንድ እጁ ያነሳዋል። የላይኛውን ዝቅ፣ የታችኛውን ከፍ ሲያደርጉት ሞቃቱ አየር በላይ ይወጣል፣ ቀዝቃዛው በታች ይገባል። ቡና ለሚቆላበት ቤት ከዚህ የተሻለ መስኮት አልተሠራም፤ ይህን የምለው ከልቤ ነው፣ ሽሙጡ ገና ይመጣል።

የእኔው ግን ገመዱ ከተበጠሰ ቆይቷል። የላይኛው ክፈፍ በየዘመኑ በተደራረበ ቀለም ከሳጥኑ ጋር ተጣብቆ ቀርቷል። የታችኛውን ከፍቼ የማቆመው በዘነዘና ነው። ቡና በተቆላ ቁጥር ከአቦሉ በፊት የጭስ ማንቂያው ይጮኻል፤ ያኔ አንዱ ዘነዘና ፍለጋ ይሮጣል፣ ሌላው ወንበር ላይ ወጥቶ ማንቂያውን በፎጣ ያራግባል። ጉዳቱ ይኸው ብቻ ቢሆን እናንተን ባላስቸገርኩ። በነበረበት መልክ መጠገን የእናንተን ፈቃድ አይጠይቅም፤ ደኅና አናጺ ዙሪያውን የያዘውን ቀጭን ጣውላ ነቅሎ፣ ክፈፉን አውጥቶ፣ ገመዱን ቀይሮ፣ በዳርና ዳሩ የነፋስ ማገጃ ብሩሽ አስገብቶ በአንድ ቀን ይሸኘኛል። ነገር ግን ደፉም የታችኛው እንጨትም በስብሷል፤ በጣት ሲነኩት እንደ ከረመ ድፎ ዳቦ ይፈረፈራል። አዲስ ያስፈልገዋል።

እዚህ ላይ ነው የእናንተ ደጅ የሚጀምረው። ባለ ሙሉ ቤት የሆነ ሰው በብዙ ሰፈር ያለ ማመልከቻ መስኮቱን በሚመሳሰል መስኮት መቀየር ይችላል፤ አፓርታማ ውስጥ የሚኖር ግን ይህ መብት የለውም። እኔም የምኖረው አፓርታማ ውስጥ ነው፤ ስለዚህ ለማመልከቻው ለኪ መጣ። የአሮጌ ቤት ግድግዳ ቀጥ ብሎ ስለማያውቅ ወርዱን ከላይ፣ ከመሃል፣ ከታች ለካና ትንሹን ቁጥር ያዘ። ከዚያ ሥዕል ተሣለ፦ የፊት ገጽታው በ1፡20፣ ተቆርጦ የሚታየው ጎኑ በ1፡5፣ መስታወቱን የሚከፋፍለው ቀጭን እንጨት በሚሊሜትር። የቅርሱን ክብር የሚያስረዳ ጽሑፍም ተያይዟል፤ የበሰበሰ እንጨት ይህን ያህል ሲወደስ ሰምቼ አላውቅም።

ሕግ ለእናንተ የሰጠው ጊዜ 8 ሳምንት ነው። ቆጠራው የሚጀምረው ግን ማመልከቻው ሲላክ ሳይሆን «ተሟልቷል» ስትሉ ነው። ከዚያ የማመልከቻው ማስታወቂያ መብራት ምሰሶ ላይ ለ21 ቀን ተለጠፈ፤ እስካሁን በምሰሶው ላይ አስተያየታቸውን ያኖሩት የሰፈሩ ውሾች ብቻ ናቸው። 8ኛው ሳምንት ሲቃረብ ደግሞ ጊዜው እንዲራዘም በፈቃዴ እንድስማማ ጻፋችሁልኝ። ካልተስማማሁ ውድቅ ሊሆን እንደሚችል ስለገባኝ በፈቃዴ ተስማማሁ።

እኔ ከመጣሁበት አገር ደጅ ጥናት አዲስ ነገር አይደለም። «ነገ ተመለስ» የሚለውን ቃል ከአባት ከእናት ወርሰነዋል። ግን እዚያ ባለጉዳይ ሹሙ ሲገባና ሲወጣ ያየዋል፣ ብድግ ብሎ እጅ ይነሳል፣ ቢያንስ ከዘበኛው ጋር ይላመዳል። እናንተ ጋ ደጁም ዘበኛውም የሉም፤ ያለኝ የማመልከቻ ቁጥር ነው። ለቁጥር እጅ መንሳት ደግሞ ገና አልለመድኩም።

በመጨረሻ ከባለሙያችሁ ጥያቄ መጣ፤ በሥዕሉ ላይ የቀንዱ ጉብጠት በግልጽ አይታይም የሚል። ቀንድ የሚባለው በክፈፉ እንጨት ጫፍ ላይ ዝቅ ብላ የምትታየው ትንሽ ጉጥ ናት። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ትልልቅ መስታወት ሲረክስ ክፈፉ ከበደ፤ አናጺዎች መጋጠሚያው እንዳይላቀቅ ብለው ነው ያበጇት። ማንንም አላስፈቀዱም። እንዲያውም እናንተ የምትጠብቁት መስኮት ከላይ እስከ ታች የለውጥ ልጅ ነው። ከ1666ቱ የሎንዶን ቃጠሎ በኋላ እሳት ከመስኮት ወደ መስኮት እንዳይዛመት፣ በ1709 ሥራ ላይ የዋለ ሕግ ክፈፉ ከግድግዳው ፊት 4 ኢንች ወደ ውስጥ እንዲገባ አዘዘ፤ በ1774 ደግሞ ሳጥኑ ጭራሹን ከጡቡ ጀርባ ተደበቀ። ከ1696 እስከ 1851 መንግሥት በመስኮት ቁጥር ግብር ሲሰበስብ፣ ሰው መስኮቱን በጡብ ደፈነ። እሳት ሲመጣ ተለወጠ፣ ግብር ሲመጣ ተለወጠ፣ መስታወት ሲረክስ ተለወጠ። ብርድ ሲመጣ ግን ጉብጠት ተጠየቀ።

ጎናችሁ ያለው የሕንጻ ቁጥጥር ክፍልም አልረሳኝም። ከሰኔ 2022 ወዲህ አዲስ መስኮት ከሚለካባቸው አንዱ፣ በአንድ ካሬ ሜትር በአንድ ዲግሪ ልዩነት ከ1.4 ዋት በላይ ሙቀት እንዳያሳልፍ ነው። ለዚህ ድርብ መስታወት ያሻል፤ ድርብ መስታወት ወፍራም እንጨት ይፈልጋል፤ ወፍራም እንጨት እናንተን ያስቀይማል። ሙቀቱ እንዳይወጣ ክፈፉ ከተደፈነ በኋላ ደግሞ አየር እንዲገባ ይበሳ ይባላል። ይህን ሁለተኛውን ግዴታ የእኔ አሮጌ መስኮት ማንም ሳያዘው ሌት ተቀን በትጋት እየተወጣ ነው። ለቅርስ ክልል ሕጉ ማለሳለሻ እንዳለው አውቃለሁ፤ ማለሳለሻውን ግን እናንተ ከእነሱ ጠይቅ ትላላችሁ፣ እነሱም ከእናንተ።

ፈቃዱ ቢገኝ እንኳ አናጺ ቤቱ ለመሥራት ብዙውን ጊዜ ከ8 እስከ 12 ሳምንት ይፈልጋል፤ እንጨቱ ይመረጣል፣ ይጋጠማል፣ ቀለሙ ድርብርብ ሆኖ ይረጫል፣ ይደርቃል። ይህ ጊዜ አይቆጨኝም፤ ሥራ ነው። የተከላው ቀን ደግሞ ከሁሉ ያጥራል። አሮጌው ጠዋት ይነቀላል፣ አዲሱ በውኃ ልክ ተስተካክሎ ይታሰራል፣ ዳሩ ይደፈናል፣ ልስኑ ይጠገናል፣ ማታ መጋረጃ ይመለሳል።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ጥቆማ ግን አይደለም። ማንንም ሳይጠይቁ የፕላስቲክ መስኮት ያስገቡ ጎረቤት አሉኝ። በጥር በከናቴራ ይውላሉ። ሕጉ እንዲህ ያለ ሥራ 10 ዓመት እርምጃ ሳይወሰድበት ካለፈ ከእንግዲህ አይነካም ይላል፤ ከሚያዝያ 25 ቀን 2024 በፊት ላለቀ ሥራ ደግሞ 4 ዓመት ይበቃል። እንግዲህ የጠየቀ በጋቢ ይንቀጠቀጣል፣ ያልጠየቀ ዝም ብሎ ይጸድቃል። ቅርሱን የሚጎዳው የትኛው እንደሆነ ለእናንተ ልተው።

የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። የመንገዳችን ቤቶች በአንድ ጊዜ የተሠሩ ናቸው፤ መስኮታቸው አንድ ዓይነት፣ ቀንዳቸው አንድ ዓይነት ነው። እያንዳንዱ አባወራ ያንኑ መስኮት በገንዘቡ እንደ አዲስ የሚያስለውና እናንተም ያንኑ ሥዕል እንደ አዲስ የምትመረምሩት ለምንድን ነው? የ2004ቱ የፕላን ሕግ በአንድ አካባቢ ለአንድ ዓይነት ሥራ አስቀድሞ ፈቃድ የሚሰጥ ትእዛዝ የማውጣት ሥልጣን ሰጥቷችኋል። የምትወዱትን መስኮት ከነቀንዱ፣ ከነሚሊሜትሩ አንድ ጊዜ ሣሉና አውጡልን፤ እንደዚያው ያሠራ ሰው ደጅ አይጥና። የእኔን መዝገብ ደግሞ ከገና በፊት እዩልኝ፤ የቀንዱን ጉብጠት በትክክለኛ መጠኑ፣ 1፡1 አስለው ከዚህ ጋር አያይዣለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
የማመልከቻ ቁጥር ባለቤት