እንግዶ ለእንግዳ

አባቴ እስኪሞት «ወጀት» እያለ በጠራት በፍኖተ ሰላም ብዙ ጉድ አይቻለሁ። ሊጥ በሚዛን ሲመዘን ያየሁት ግን ዘንድሮ ነው።

የልጅ ልጄ ከባሕር ማዶ መጣች። ሻንጣዋን ስትከፍት ካፖርት ይሆናል ብዬ አንገቴን ባሰግግ፣ ያወጣችው ብልቃጥ ነው። ውስጡ አረፋ የሚተፋ የኮመጠጠ ሊጥ! «አባባ፣ እርሾ ነው። በየቀኑ ዱቄትና ውኃ ይበላል።» ስምም አውጥታለታለች፤ የእኔን ስም። ለምን ብላት «እንዳንተ ኮምጣጣ ነው፤ ደግሞ ሲያጉረመርም ይውላል» አለች። («አንተ» የምትለኝ እዚያው ስላደገች ነው፤ ይቅር ብያለሁ።)

ባለቤቴ ምንም ሳትናገር ቡሃቃዋን ከፍታ፣ ከጤፉ ሊጥ ላይ ያቀረረውን ቢጫ ውኃ አሳየቻት። ሲያልቅባት ከጎረቤት እየተበደረች፣ ጎረቤት ሲያልቅባት እያበደረች ስንት ዘመን ያኖረችው እርሾ ነው። እሱ ስም አልጠየቀ፣ አውሮፕላን አልተሳፈረ።

ልጅቱ ዳቦ ልጋግር ብላ ሊጡን በሚዛን ትመዝን ጀመር። ዱቄቱም አይነፋ አለች፤ ከነፉርሽካው። እሺ፣ ይህስ የእናቴ ዳቦ ነው፤ ያን ጊዜ ወንፊት የሚወጣው ለድግስ ነበር። አሁን የሚሸጥልን ነጭ ዳቦ ጨብጠው ሲለቁት እንደ ስፖንጅ ተመልሶ ይነፋል። በየዓመቱ ዳቦው ያንሳል፣ ዋጋው ያድጋል፣ ፉርሽካውን ላም ትበላዋለች። ላሚቱን ብታዩዋት ከእኔ ይልቅ ፊቷ ወዝ አለው።

«አጃ ይግባበት» ስትል ግን ብድግ አልሁ። አጃ! እኛ እንግዶ የምንለው! ደጋው መሬት አሲድ በዝቶበት ገብስ አልሰጥ ሲል ገበሬ የሚዘራው እንግዶ፣ ስሙ እንዲያ ይሁን እንጂ ለእንግዳ ሲቀርብ አላየሁም። እንግዳ ሲመጣ ጤፍ ወደ መሶብ፣ እንግዶ ወደ ጓዳ ነበር። ዛሬ ተዳምጦ፣ በካርቶን ታሽጎ አዲስ አበባ ይሸጣል። ሐኪሙም «አባት፣ ለኮሌስትሮል አጃ ይብሉ» ይለኛል። በልጅነቴ የሸሸሁት እህል በሽምግልናዬ ደርሶ ያዘኝ።

ልጅቱ ታስረዳለች። ስንዴ ሊጡን እንደ ላስቲክ ይይዘዋል፣ አጃ ያ የለውም፤ ከበዛ ዳቦው ይተኛል፤ ቀድሞ ካልተዘፈዘፈም የሊጡን ውኃ ይጠጣዋል። ደግሞ እርሾው ሌሊቱን ሲሠራ እህሉ ውስጥ የታሰረውን ብረት ይፈታል አለች። እኔ ሲፈታ የማውቀው ብረት ምንሽር ነው።

የመጋገሪያው ሰዓት ሲደርስ ጠቡ በቅርጽ ሆነ። ባለቤቴ የኮባ ቅጠሏን አጥባ፣ ከታችም ከላይም እሳት አሰናድታ ትጠብቃለች። ልጅቱ አራት ማዕዘን ካልሆነ ለሳንዱች አይመችም ብላ የዘይት ቆርቆሮ አስቆረጠች። ምጣድ ክብ፣ መሶብ ክብ፤ ዳቦ ማን ስለሆነ ነው ማዕዘን የሚያወጣው? በመጨረሻ ባለቤቴ ቆርቆሮውን በኮባ አለበሰችው። ሽታው መንደሩን ሰበሰበ።

ዳቦ የሚቆርስ ሽማግሌ ነውና ተነስቼ መረቅሁ። ቢላዋ ሳነሳ ልጅቱ እጄን ያዘች። «አባባ፣ ሳይቀዘቅዝ አይቆረጥም። ሁለት ሰዓት።» ምን ላድርግ? ምርቃቱን ቀጠልሁ። ለቤቱ፣ ለዝናቡ፣ ለከብቱ፣ ለቡሬ በርበሬ፣ ለብር ሸለቆ በቆሎ መረቅሁ፤ ጎረቤቱ «አሜን» ሲል ጉሮሮው ደረቀ። ሲቆረስ አራት ቁራጭ በላሁ። እንዳይከፋት ብዬ ነው።

ስትሄድ ብልቃጡን ትታው ሄደች። ትናንት ሌሊት ጓዳ ገብቼ ዱቄት ስቆነጥር ባለቤቴ ከመኝታዋ «ማነው?» አለች።

«አይጥ ነው» አልኋት።