የደላንታው የጤና ጎተራ

ተረት ተረት። የላም በረት።

ከበሽሎ ገደል አፋፍ፣ ዛሬ ወገል ጤና ከተማ ባለችበት በደላንታ አምባ ላይ፣ የሰው ልጅ ኦፓል ፍለጋ ገደሉን መቦርቦር ሳይጀምር እንስሳት ብቻቸውን ይኖሩ ነበር አሉ። አገሩ ደጋ ነው፤ ገብስ ያበቅላል፣ ውርጭም ይመታዋል። ከድርቅና ከነብር የተረፈውን ሳል ይጨርሰው ነበር።

መድኃኒት ጠፍቶ አልነበረም። እመት ጦጢት ከገደሉ ሥር ሱቅ ነበራት፤ ቀበርቾ በሉ፣ ዳማ ከሴ በሉ፣ ጥቁር አዝሙድ በሉ፣ ያልነበራት የለም። እማማ በጊት ግልገሏ ሲያስልባት ወደዚያው ወረደች።

«እባክሽ እመት ጦጢት፣ ልጄ ሊሞትብኝ ነው።»

«ምን ይዘሽ መጣሽ?»

«ምን አለኝ ብለሽ፤ ይቺው ጠጉሬ ናት።»

ተሸለተች። ግልገሉም ዳነ። ወሩ ግን ሐምሌ ነበርና እማማ በጊት ክረምቱን ዋሻ ውስጥ ስትንቀጠቀጥ ከረመች። እኅቷም በዚያው ሰሞን ልጇን ለማዳን ተሸልታ ነበር፤ ልጁ ተረፈ፣ እናቱን ብርድ ወሰዳት። ያን ጊዜ በደላንታ ከታመመው ይልቅ ያሳከመው ይሞት ነበር።

ይህን ያየች ንብ እንስሳቱን ወይራው ሥር ሰበሰበቻቸው። «ታሞ ከመሸለት ሳይታመሙ መቆንጠር አይሻልም ወይ?» አለች። ሁሉም በየዓመቱ ጥር ላይ፣ አውድማው ሲነሳ፣ ትንሽ ትንሽ ያዋጣ፤ በሬ ከምርቱ፣ ዶሮ ከእንቁላሏ፣ በግ ከጠጉሯ፤ ሁሉም በገብስ እየተመነዘረ አንድ ጎተራ ይግባ፤ የታመመ ከዚያ ይታከም። ምንም የሌላት አይጥስ? የእሷን ሌሎቹ ይሙሉላት። ያዋጣ ሁሉ ጆሮው ላይ ምልክት ተደረገለት፤ ምልክት ያለው እንዳይከፍል ተባለ።

«ይሄማ የጤና መድን ነው» የሚል አንባቢ አይጠፋም። ነው። ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች መሞከር ሲጀምር ከአማራ ክልል የተመረጡት ደቡብ አቸፈር፣ ፎገራና የእኛው የወሎው ተሁለደሬ ነበሩ። መክፈል የማይችሉትን ድሆች መዋጮ ክልሉና ወረዳው እንዲሸፍኑላቸው የታሰበው የአይጥ ነገር መሆኑ ነው። ንቧ ሐሳቡን ከተሁለደሬ ትስማው ወይም ተሁለደሬ ከእሷ፣ ተረቱ አይናገርም።

ሐኪም ሆና የተመረጠችው ጭላዲት ናት። ጣት አላት፤ ቀኑን ሙሉ ሣር ከሣር እየለየች ስትነቅል የምትውል፣ ዓይኗ የማይስት። መድኃኒቱን ከበሽሎ በረሃ እየጫነ ሽቅብ የሚያወጣው አያ አህያ ሆነ። ደግ ዓመታት ነበሩ። ግልገል ሳለ፣ ዳነ፤ የሚሸለት ጠፋ፤ እመት ጦጢት ሱቋን ልትዘጋ ደረሰች።

ጎተራ ካለ ጠባቂ ያስፈልጋል። አያ ጅቦ «እኔ እንደሆንኩ ሌሊት አልተኛም» ብሎ ራሱን ቢያቀርብም ጉባኤው ያን ያህል የዋህ አልነበረም። የተመረጠችው በቅሎ ናት። ደሴ ደርሳ የተመለሰች፣ ረጋ ብላ የምትናገር፣ ቁጥር የምታውቅ። ምርጫው ስሕተት ነበር አልልም፤ ቆጣሪ የሌለው ጎተራ ነቀዝ እንደሚፈነጭበት ማንም ያውቃል። ደመወዟም የሚያስቀና አልነበረም፤ ለጭላዲት አንድ ቁና፣ ለበቅሎዋ አንድ ተኩል።

በደመወዝ የሚኖር ኃላፊ ግን ማን አይቶ ያውቃል! መጀመሪያ የኃላፊነት አበል መጣ። ቀጥሎ የቤት አበል። ኃላፊ በባዶ ጀርባ አይሄድምና ኮርቻ ተገዛ፤ መምጣቷ እንዲታወቅ ለኮርቻው ቃጭል። ከዚያ ደሴ ስብሰባ ተጠራ፤ ውሎ አበል። ኮምቦልቻ ሥልጠና ተጠራ፤ ውሎ አበል። ቃለ ጉባኤ የሚይዝ አውራ ዶሮ አብሮ ይሄዳል፤ እሱም ውሎ አበል። ጭላዲት ተረኛ ሆና ሌሊቱን ከታማሚ ጋር የምታድርበት የዲዩቲ ክፍያ ግን «በጀት ሲለቀቅ» እየተባለ ክረምት ከበጋ ይወዘፋል።

በየሩብ ዓመቱ ደግሞ ከዞን ጋሼ ፈረስ ለድጋፋዊ ክትትል ይመጣል። በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው ማለቷን ሁላችንም ሰምተናል፤ አጎትየው እሱ ነው። አባቷ አያ አህያ በዚያ ሰዓት ጭነቱን ተሸክሞ በደጅ ያልፋል፣ እሷ ግን ዞር ብላ አታየውም። ጋሼ ፈረስ ጎተራውን ይጎበኛል፣ ከጎተራው ይስተናገዳል፣ ግብረ መልስ ጽፎ ይሄዳል፦ «በመድኃኒት አቅርቦት ረገድ ክፍተት ተስተውሏል። ክፍተቱን ለመሙላት ለአመራሩ ሥልጠና ቢሰጥ።»

ሥልጠናው ይሰጣል።

እንዲህ እንዲህ እያለ አንድ ሚያዝያ ላይ መድኃኒቱ አለቀ። እማማ በጊት ሌላ ግልገሏን ይዛ መጣች፤ ጆሮዋን አዘንብላ ምልክቷን አሳየች። ጭላዲት መረመረችው፣ የሚያድነውን አወቀችው፣ ቅጠል ላይ ጽፋ ሰጠቻት፦ «የለም። ከውጭ ይገዛ።» የጤና መድን ደብተር ይዞ ጤና ጣቢያ ደጅ የቆመ ሰው ይህችን ቅጠል ያውቃታል። በጊት ቅጠሏን ይዛ ወደ ገደሉ ሥር ወረደች። የጦጢት ሱቅ ሰፍቶ ነበር። ተሸለተች።

ወይራው ሥር ትልቅ ጉባኤ ተጠራ። ቁራ ገና ሳይቀመጥ «ሌባ! በቅሎዋ ሌባ ናት!» ብሎ ጮኸ። ሌባ የተባለ ነገር ቶሎ ይገባናል፤ ቶሎም ያስደስተናል፤ እንስሳቱም ቀንዳቸውን አሾሉ። ምስክር የተጠራው አያ አህያ ነው፤ የገባውንም የወጣውንም በጀርባው ያመላለሰ እሱ ነዋ።

«አርባ ቁና ገባ» አለ አያ አህያ። «ሃያ አራቱ የሁላችን ደመወዝ ሆነ። አሥራ አንዱ ለጉዞ፣ ለስብሰባና ለመስተንግዶ ወጣ። አምስቱ መድኃኒት ሆነ።»

«የተሰረቀውስ?»

«የተሰረቀ የለም። እያንዳንዷ ጥሬ ደረሰኝ አላት።»

ቁራ አፈረ። እኔ ተረቱን የምወደው እዚህ ላይ ነው። ሌባ ቢገኝ ኖሮ ይባረርና ነገሩ ያልቅ ነበር። አሥራ አንድ ቁና ሙሉ በሕጋዊ ፊርማ ተበልቶ ያለቀበትን ጎተራ ግን ማንን አባርረህ ትመልሰዋለህ?

በቅሎዋም ዝም አላለችም። «እኔን ከመቁጠራችሁ በፊት ጎተራውን ለኩ» አለች። «አርባ ቁና ለዚህ ሁሉ እንስሳ ምን አላት? አንበሶቹ ከሚሰበስቡት ከመቶ አሥራ አምስት ለጤና እንሰጣለን ብለው ምለው አልነበረም? የታለ? ደሴ ካልሄድኩ ሪፖርት የለም፤ ሪፖርት ከሌለ ከባሕር ማዶ የሚመጣው የእርዳታ ጨው ይቀራል።» እውነቷን ነው። የአፍሪካ መሪዎች 15 በመቶ የሚለውን ቃል አቡጃ ላይ የገቡት በ1993 ዓ.ም. ነው፤ አገራችን እስካሁን አልደረሰችበትም፤ የሕክምናው ወጪ ብዙው ክፍል ከለጋሽና ከታማሚው ኪስ ይወጣል። ጨዉም ቢሆን በሪፖርት ብዛት የሚታሰር ሆኖ አልተገኘም። በጥር 2017 አሜሪካ እርዳታዋን ስታቆም፣ በዚያ ገንዘብ ተቀጥረው የነበሩ በሺዎች የሚቆጠሩ የጤና ሠራተኞች ውላቸው ተቋረጠ። ሪፖርታቸው ሳይጓደል።

ጉባኤው ሳይቋጭ ጭላዲት ተነሳች። ሊያከብሯት ይገባቸው ነበር፤ አምባውን እሳት በበላበት ክረምት፣ ጎተራው ተቃጥሎ፣ ደመወዝ የሚባል ሳታይ፣ ከአመድ ላይ ቅጠል እየለቀመች ያከመቻቸው እሷ ናት። (እሳቱን ወሎ ያውቀዋል፤ በ2013 ክረምትና በ2014 መግቢያ ጦርነቱ ሲያልፍ የላሊበላ፣ የወልድያና የደሴ ሆስፒታሎች ምን እንደተረፋቸው ያየ ይመስክር።) አሁን ግን «በአንድ ቁና ልጆቼ አላደጉልኝም» አለችና እጇን አጣጥፋ ተቀመጠች።

ግንቦት 2017 ላይ ሐኪሞቻችንና ነርሶቻችን እንዲሁ ተቀምጠው ነበር። ከመካከላቸው የታሰሩም ነበሩ። የደላንታ እንስሳት ከእኛ ይልቅ ብልጣ ብልጦች ነበሩና ጭላዲትን አላሰሯትም፤ ሾሟት። የሐኪሞች አስተባባሪ ተባለች፤ ቃጭል ታሰረላት፤ ውሎ አበል ተፈቀደላት። ልጆቿ ጠገቡ። እንኳን ጠገቡ፤ ማን ይቃወማል? ብቻ ያቺ ሣር ከሣር የምትለይ ጣት ከዚያ ቀን ወዲያ ማኅተም እንጂ ቅጠል አልጨበጠችም። በቦታዋ የመጣችው ወጣት ጭላዳ ቁስል ማጠብ ሳትለምድ አንድ ነገር ቀድማ ተማረች፤ እዚህ አገር ጥሩ ሐኪም የሚበላው ማከሙን ሲተው መሆኑን። እሷም ዓይኗን ቃጭል ላይ ጣለች።

ጥር ሲደርስ ንብ መዋጮ ልትሰበስብ ዞረች። እማማ በጊት በር ላይ ጠበቀቻት።

«አልሰጥም አላልኩም» አለች። «ያለ ጎተራው ሐምሌ እንዴት እንደሆነ እኔ አውቀዋለሁ። የኔን ጠጉር ግን ጎተራው ውስጥ አታግቢብኝ። አፉ ጠባብ ገንቦ ይሠራ፤ የጭላዳ እጅ የሚገባበት፣ የበቅሎ አፍ የማይገባበት። ወጣቷ ጭላዳ ማታ ማታ ከዚያ እያወጣች መድኃኒት ታስገዛ። ስንት እንዳወጣች ጠዋት በሁላችን ፊት ትናገር።»

ይህም ቢሆን ከሰማይ የወረደ ሐሳብ አይደለም። በ1990 ዓ.ም. የወጣው የጤና ፋይናንስ ስትራቴጂ፣ ጤና ጣቢያና ሆስፒታል ከታካሚ የሚሰበስቡትን ገቢ ለመንግሥት ግምጃ ቤት ማስረከብ ቀርቶ እዚያው አገልግሎቱን እንዲያሻሽሉበት በር ከፍቷል፤ ወጪውንም ቦርድ እንዲቆጣጠረው። የበጊት ገንቦ ይኸው ነው፤ ያለው ልዩነት የአንገቱ ጥበት ላይ ብቻ ነው።

ዶሮ ደገፈች። በሬ ደገፈ። አያ አህያ ጭቃውን እኔ አመጣለሁ አለ፤ ገንቦውም ተሠራ፤ በዚያ ሳምንት ዳማ ከሴ ተገዛ፤ ሦስት ግልገልና አንድ ጥጃ ሳይሸለቱ ካደሩ እናቶች ወተት ጠጡ።

በቅሎዋ ሐሳቡን በመርህ ደረጃ እንደምትቀበለው ለጉባኤው አስታወቀች። የገንቦው አንገት ግን ከደረጃው ጋር መጣጣሙ በባለሙያ ሊጠና ይገባል አለች። ጋሼ ፈረስ ሰብሳቢ፣ አውራ ዶሮ ጸሐፊ፣ አስተባባሪዋ ጭላዲት አባል የሆኑበት ኮሚቴ ተቋቋመ። ኮሚቴው ደሴ ወርዷል፤ አራተኛ ቀኑን ይዟል። ውሎ አበሉ ከጎተራው ይከፈል ወይስ ከገንቦው የሚለው ገና አልተወሰነም።