ስለ ትንንሽ አውሮፕላኖች ነፃነት የወጣ የክተት አዋጅ

ስማ! ስማ! ያልሰማህ ስማ፤ የሰማህ ላልሰማ አሰማ! ሞተር የሚጮኽብህም ብትሆን አጥፍተህ ስማ!

ሞዓ ነፋስ ዘእምነገደ ሴስና፣ ሥዩመ ቤንዚን፣ የአንድ ሞተርና የአራት ወንበር ጌታ (የባንኩ ዕዳ ሳይነሣ)፣ በሜሪላንድ ምድር፣ በኮሌጅ ፓርክ ሜዳ ሆነን ይህን አውጀናል።

ሜዳው ተራ ሜዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1909 ዊልበር ራይት የአሜሪካ ጦር መኮንኖችን መብረር ያስተማረው እዚሁ ነው። ከዚያ ወዲህ ሥራ ሳያቋርጥ በመቆየት በዓለም የሚቀድመው አውሮፕላን ማረፊያ የለም። ዛሬ ግን ዊልበር ከመቃብር ተነሥቶ ቢመጣ፣ አሻራ ሳይሰጥ፣ የኋላ ታሪኩ ሳይጣራ፣ የሚስጥር ቁጥር ሳይቀበል ከዚህ አይነሣም። «ኧረ አውሮፕላንን የሠራነው እኔና ወንድሜ ነን!» ቢል፣ «መልካም፤ መታወቂያ ይዘዋል?» ይባላል።

ነገሩ የመጣው እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 ጥቃት በኋላ ነው። ፍርሃቱን አንነቅፍም፤ ሐዘኑም የሁላችን ነበር። ዳሩ ግን ያን ዕለት የተጠለፉት ቦይንግ 757 እና 767 ነበሩ። ቀንበሩ የወረደው በሴስና 150 ላይም ነው፤ ሰውና ነዳጅ ጭና 726 ኪሎ ግራም ብቻ በምትመዝን፣ ባዶ ቪትዝ እንኳ በምትበልጣት! በ2003 «ለጊዜው» ተብሎ በዋሽንግተን ዙሪያ ሰማይ ታጠረ። «አልቀመጥም» ብሎ ገብቶ እራት በልቶ እንደሚያድር እንግዳ፣ ይህ «ለጊዜው» በ2009 ቋሚ ሕግ ሆነ። አጥሩ በሬገን አውሮፕላን ማረፊያ ዙሪያ 30 የባሕር ማይል ይሰፋል፤ ወደ ላይም 18,000 ጫማ ድረስ ይዘልቃል። በሲልቨር ስፕሪንግ ቡና እየጠጣህ ያለኸው ወገናችን፣ ከጣሪያህ በላይ ያለው ሰማይ ይኸው ነው። ጎረቤት ከተማ ቁርስ ልብላ ብለህ ብትነሣ እንኳ የበረራ ዕቅድ አስገብተህ፣ የራስህን ኮድ ተቀብለህ፣ ተቆጣጣሪውን በሬዲዮ አነጋግረህ ነው።

ባላጋራዎቻችን የ2005ቱን ጉድ እንደሚያነሡ እናውቃለን። በግንቦት ወር አንዲት ሴስና 150 መንገድ ስታ ወደ ከተማዋ ተጠግታ፣ ኋይት ሐውስና ካፒቶል ባዶ እስኪሆኑ ሰው ሮጧል፤ ኤፍ 16 ተዋጊ ጄትም ተነሥቷል። እውነት ነው። በውስጧ የነበሩት የሁለቱ ሰዎች ጉድለት ግን ካርታ ማንበብ ነበር። ከዋሽንግተን 60 የባሕር ማይል ውስጥ በዓይኑ እያየ የሚበር አብራሪ ሁሉ ስለ ክልሉ ትምህርት እንዲወስድ ኋላ የወጣው ሕግ ይህን ደዌ ያክማል፤ እኛም ወደነዋል። አሻራው ግን ማንን ካርታ አስተማረ?

ስለዚህ ክንፍ ያለህ በክንፍህ፣ ክንፍ የሌለህ በብዕርህ ተከተለን! መንግሥት ደንብ ከማጽደቁ በፊት የሕዝብ አስተያየት ሲጠይቅ ዝም አትበል፤ ጻፍ። ነገር ግን ማንም እየፎከረ አጥሩን እንዳይጥስ፤ የኤፍ 16 አብራሪ ቀልድ አያውቅም።

ይህን ሰምቶ ቤቱ የቀረ፣ ዕድሜ ልኩን ከደለስ እስከ ቦሌ መካከለኛው ወንበር ላይ ይሳፈር!

የክተቱ ስፍራ ኮሌጅ ፓርክ ነው። አሻራህን ሰጥተህ፣ የሚስጥር ቁጥርህን ይዘህ፣ የበረራ ዕቅድህን አስገብተህ፣ ሲፈቀድልህ ቶሎ ድረስ!